የእትዬ ቶዮ ጥላቻ በአራት ማኅተም

በከተማችን ማዘጋጃ ቤት "እጠላዋለሁ" የሚለው ቃል ለመጀመሪያ ጊዜ በጽሑፍ የገባው ባለፈው መስከረም ነው። ከዚያ በፊት አላስፈለገንም። እኛ አንድ ነገር ሲያስጠላን ፈገግ እንላለን፤ በጣም ሲያስጠላን "እስቲ እናስብበታለን" እንላለን። ስድሳ ዓመት እንዲህ እያልን በሰላም ኖረናል።

ሰላሙን ያደፈረሱት እትዬ ቶዮ ናቸው። ሰባ ስምንት ዓመታቸው ነው። በማዘጋጃ ቤቱ መሬት ላይ ያለውን የሕዝብ መታጠቢያ ቤት፣ ባላቸው ካረፉ ወዲህ ብቻቸውን ያስተዳድራሉ። ከንቲባችን ደግሞ ያንን ቤት አፍርሰው በቦታው ለነጊማሩ መኖሪያ ሊሠሩለት ቆርጠዋል። ነጊማሩ ሰው ለብሶት በየበዓሉ የሚታይ የከተማችን መለያ አሻንጉሊት ነው፤ ሁለት እግርና ትልልቅ ዓይን ያለው ባሮ ሽንኩርት። ውስጡ የሚገባው የስፖርት ክፍል ሠራተኛ ነው። እሱ እንኳ በኪራይ ነው የሚኖረው፤ መኖሪያ የታዘዘው ለሽንኩርቱ ነው።

በደንባችን መሠረት አንድ ነዋሪ በጽሑፍ ከተቃወመ ፈረሳው ይቆማል። እኔ የነዋሪዎች ድምፅ ክፍል ጸሐፊ ነኝ። እትዬ ቶዮ መጥተው መስኮቴ ፊት ቆሙ።

"ጻፍ፣" አሉኝ። "ያንን ሽንኩርት እጠላዋለሁ። ቤቴን እንዳትነኩብኝ።"

"እትዬ፣ ትንሽ ለስለስ ብናደርገውስ?"

"ምኑን ነው የምታለሰልሰው? ጆሮህን እያሸሁ ያጠብኩህ እኔ ነኝ። ያኔም አትሰማም፣ አሁንም አትሰማም። እንዳልኩህ ጻፍ።"

እንዳሉኝ ጻፍኩ። ማኅተሜንም እንደ ወጉ ወደ ግራ አዘንብዬ አሳረፍኩ። በእኛ ዘንድ የበታች ማኅተም ለአለቃው ማኅተም ማጎንበስ አለበት።

አለቃዬ አቶ ኩሳካቤ ወረቀቱን ሲያዩ ላብ አጠመቃቸው።

"ኢሶቤ፣ ይሄ የምን መጥላት ነው? ደበርጃን የመጥላት ዓይነት ነው ወይስ አማት የመጥላት?"

"ቤታቸው ሊፈርስባቸው ነው እኮ፣ ጌታዬ።"

"እንግዲያው ስሜት ነዋ! ስሜት አላቸው በል። በዚህ ዕድሜያቸው ስማቸውን አናጥፋ።"

ለክብራቸው ሲባል "ስለ ነጊማሩ ስሜት አላቸው" ተባለ። የአቶ ኩሳካቤ ማኅተምም አጎነበሰ። የመምሪያው ኃላፊ አቶ ናራሳኪ "ምን ያህል ስሜት?" ብለው ጠየቁ። አቶ ኩሳካቤ ሐቀኛ ሰው ናቸውና "ኧረ ከባድ ነው" ሲሉ መለሱ። "ጥልቅ ስሜት" ተባለ። ምክትል ከንቲባው ደግሞ ጥልቅ ስሜት ያለው ሰው እንቅልፍ እንደማይወስደው ከራሳቸው ሕይወት ያውቁ ነበር። "ቀንም ሌትም ከነጊማሩ ሌላ የሚያስቡት የለም" ብለው አሻሻሉት። እውነቱን ለመናገር እስከዚህ ድረስ አንድም ውሸት አልተጻፈም። የምክትሉ ማኅተም ግን ከማጎንበስ አልፎ ተኝቷል።

ከንቲባው ሲያነቡት ዓይናቸው እንባ አቀረረ።

"ወጣቱ ስልኩ ላይ አፍጦ ሲውል፣ እኚህ እናት ሽንኩርታችንን እንዲህ ይውደዱልን? የነጊማሩ የክብር እናት ይሁኑ!"

"ጌታዬ፣ ሴትየዋ እንኳን..." ብዬ ጀመርኩ። አቶ ኩሳካቤ ጫማዬን ረገጡኝ። ዝም አይነቅዝም ብዬ ተውኩት። የተቃውሞው ቀነ ገደብ በዚያው ሳምንት አለፈ፤ የተቃወመ ነዋሪም አልተገኘም።

የሹመቱ በዓል የተደረገው እዚያው መታጠቢያ ቤቱ ደጃፍ ላይ ነው። ቤት አፍራሹ መኪና ከመድረኩ ኋላ ሞተሩን አስነስቶ ይጠብቃል። ሽንኩርቱ እትዬ ቶዮን አቀፋቸው። ከንቲባው አበባ ሰጧቸውና ድምፅ ማጉያውን አቀረቡላቸው።

"እጠላዋለሁ፣" አሉ እትዬ ቶዮ። "ትናንትም ጠልቼዋለሁ፣ ሞቼም እጠላዋለሁ። ቤቴን ተዉልኝ።"

አምስት መቶ ሰው ወደ መድረኩ አንጋጠጠ። ሽንኩርቱ እጁን ቀስ ብሎ ከትከሻቸው ላይ አነሳ። ከንቲባው ወደ ምክትላቸው ዞሩ፤ ምክትሉ ወደ አቶ ናራሳኪ፣ አቶ ናራሳኪ ወደ አቶ ኩሳካቤ። አቶ ኩሳካቤ ወደ እኔ ዞሩ። ከእኔ በታች የሚዞሩበት ሰው አልነበረም። ቃለ ጉባኤ የምይዘው እኔ ነኝ፤ እኔ የጻፍኩት ነገር እንደ ተፈጸመ ይቆጠራል።

እትዬ ቶዮም አዩኝ።

"ልጄ፣ አንተ ሰምተሃል። ምን አልኩ?"

ተነሣሁ።

"ከደስታቸው ብዛት መናገር አቅቷቸዋል፣" አልኩ።

ጭብጨባው ቀለጠ። ከንቲባው እንባቸውን ጠረጉ፤ መኪናውም ወደፊት ተንቀሳቀሰ። የመጀመሪያው ግድግዳ ሲወድቅ ከመድረኩ ላወርዳቸው እጄን ዘረጋሁ። እሳቸው አልያዙኝም። አበባውን አስታቀፉኝና ረጋ ብለው ከላይ እስከ ታች አዩኝ።

"አይ የኔ ሞኝነት፣" አሉ። "ያንን የመሰለ ቃል በሽንኩርት ላይ ጨረስኩት። ለአንተ ምን ልበል?"