የደመና ሽምግልና

ሰው በማያጣላ ነገር ሲጣላ ነው ጠባዩ የሚታወቀው። በመሬት መጣላት ከአባት የወረስነው ነው፤ በውርስ መጣላትም ያለ ነው። በደመና ተጣልቶ ሽማግሌ ፊት የቀረበ ግን፣ እስከማውቀው ድረስ፣ በእንጅባራ እኔና ይበልጣል ብቻ ነን። ያውም በእውነተኛው ደመና ቢሆን ምን ነበረበት!

ይበልጣል አስተማሪ ነው፤ የዳንግላ ነጋዴ ልጅ። አንዲት አሮጌ ኮምፒውተር በጋራ ገዝተን እኔ ቤት አስቀመጥናት። ሥራዋ ምን መሰላችሁ? አውሮፕላን ማብረር። ወንበር ላይ ተቀምጠው አብራሪ የሚሆኑበት፣ ሲሙሌተር የሚሉት ጨዋታ አለ። እኔ አንድ ዓይነት፣ እሱ ሌላ ዓይነት ከባሕር ዳር በፍላሽ አመጣን። ሁለቱ ሲጫኑባት የኮምፒውተሯ ሆድ ሞላ፤ ትንፋሽ አጠራት። አንዱ መጥፋት አለበት። የማን ይጥፋ?

«ደመናው ያነሰው ይጥፋ» አለ ይበልጣል። ተስማማሁ። ጠቡ የተጀመረው እዚህ መስማማታችን ላይ ነው።

የእኔ ሲሙሌተር ደመና የተነደፈ ጥጥ ነው። ነጭ፣ ንጹሕ፣ ማንንም የማይነካ። ጠጋ ሲሉት የተሳለ ወረቀት መሆኑ ይታወቃል፤ ይታወቅ! የይበልጣል ግን ተደራርቦ፣ ጠቁሮ፣ አጉረምርሞ ይመጣል። መስኮቱ ላይ ጠብታ ይንሸራተታል፣ መብረቅ ይበርቃል፣ አውሮፕላኑ ይንገጫገጫል። አሮጌዋ ኮምፒውተር ይህን ሁሉ መሸከም አልቻለችም። ደመናው ሲወፍር አውሮፕላኑ እንደ እልኸኛ በቅሎ አየር ላይ ቀጥ ብሎ ይቆማል።

«ደመና እኮ ማስፈራት አለበት!» ይላል ይበልጣል። ቢያምረው አይገርምም፤ ዝናብን ያየው ከአባቱ ሱቅ ውስጥ ሆኖ ነው። እኔ በልጅነቴ እንጨት ተሸክሜ ገበያ ስወርድ የእንጅባራ ክረምት ከነምርቃቱ ወርዶብኛል። ልብሴ አንድ ነበር፤ የሚደርቀውም እላዬ ላይ ነበር። ዝርዝሩ ይቅር። «ምነው እንዲህ ያለ የሰነፍ ሰማይ ወደድህ?» ሲለኝ «ዝናብ ጠግቤያለሁ» አልኩት።

ነገሩ እየከረረ ሄዶ ሰላምታ መቀነስ ጀመርን። ባለቤቴ አበባ «ነውር ነው!» ብላ አከራያችንን አያ ስንሻውን ጠራች። አያ ስንሻው የድንበር፣ የፈረስና የባልና ሚስት ጠብ ሲዳኙ የኖሩ ሰው ናቸው። በትራቸውን ግድግዳው ላይ አስደግፈው ኮምፒውተሯ ፊት ተቀመጡና «ዋስ ጥሩ» አሉ። አበባ ሽማግሌ መጥራት እንጂ ዋስ መሆን አልፈለገችም። ስለዚህ እኔ ለይበልጣል፣ ይበልጣል ለእኔ ዋስ ሆንን።

ውሃ ሲጎድል ተሻገር፣ ዳኛ ሲገኝ ተናገር አይደል? ተናገርን። ሁለቱንም ሰማይ አሳየናቸው።

«ለመሆኑ የኔ መሬት ከዚህ ላይ ይታያል?» አሉ።

«ምናልባት፣ አያ» አልኩ።

«እንግዲያው ጎረቤቴ የገፋውን ድንበር ከላይ ልየው። ቀጠሮ ለሳምንት!»

በየእሑዱ ከቤተ ክርስቲያን መልስ መጡ። መሬታቸው ይቅርና እዚሁ አጠገባችን ያለው ዘንገና ሐይቅ እንኳ ጨዋታው ላይ ሣር ሆኖ ነው የሚታየው። እሳቸው ግን «ዝቅ በል እንጂ!» ይሉኛል። ዝቅ ስል ከዛፍ ጋር እጋጫለሁ። «ቀጠሮ!»

በመጨረሻ ይበልጣል አላስችል ብሎት «አያ፣ ለአንዳችን ይፍረዱና ይገላግሉን» አለ። አያ ስንሻው ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ደግ ሽማግሌ አንዱን አስቆ ሌላውን አያስለቅስም።

«ከነዚህ ሌላ ሆዷ ውስጥ ምን አለ?»

«የሠርጌ ቪዲዮ» አልኩ።

«ሠርጉ አልፏል። ደመና ግን ገና ይመጣል። ሠርጉ ይጥፋ።»

በሽማግሌ ፍርድ ይግባኝ የለም። አጠፋሁት።

ቅጂው ዳንግላ ባለችው የአበባ እኅት ዘንድ በመገኘቱ ትዳሬ ተረፈ። ኮምፒውተሯ ግን አልተረፈችም፤ አበባ «ሠርጌ ወዳለበት ትሂድ» ብላ በሚኒባስ ጭና ለእኅቷ ላከቻት።

አሁን እሑድ እሑድ ሦስታችን በረንዳ ላይ እንቀመጣለን። ባለፈው ደመና ከተራራው ወርዶ ግቢውን ሸፈነው። ይበልጣል ራሱን ነቀነቀ። «ጠርዙ አልተሠራም፤ የኔው ይሻላል» አለ። እኔም ነጩ ንጹሕ እንዳልሆነ ተናገርኩ። ለመጀመሪያ ጊዜ ከልብ ተስማማን፤ ይኼኛው ከሁለታችንም ያንሳል። ፍርድ ፍለጋ ወደ አያ ስንሻው ዞርን።

እሳቸው ወደ ላይ አንጋጠው ሲያዩ ቆዩ።

«የዚህኛው ባለቤት ሳይቀርብ አይፈረድም» አሉ። «ቀጠሮ!»