ያስጣለኝ ማርሚታ

የሞተር ሳይክሉን ማርሚታ አስበስቶ መንደር የሚያናውጥ ጎረምሳ በሰፈራችሁ የለም? ከሌለ የካዛንቺሱን ቢኒን ውሰዱት። «ድምፁ እንዲያምር ነው» ይላል። ለማን ነው የሚያምረው? አንድ ሕፃን እንኳ ሰምቶት ሲስቅ አላየሁም።

ይሄው ቢኒ እኔን ሳይጠይቅ ሽማግሌ ላከብኝ። ሦስት አዛውንት ጋቢያቸውን አጣፍተው አባቴ ፊት ቆሙ። «ተቀመጡ» ሲባሉ «ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም» አሉ። እኔ ጓዳ ሆኜ አደምጣለሁ። አባቴ ሽማግሌ ማሳፈር አይሆንለትማ! «እሺ» ካለ በቃ፣ አለቀልኝ።

ትልቁ ሽማግሌ ጀመሩ፤ «ልጃችን ጨዋ ነው። ሲገባ ሲወጣ ኮሽታው አይሰማም።»

ይህን ጊዜ ከውጭ «ጓጓጓጓ!» ሲል የቡፌው ብርጭቆ ሁሉ ተንጫጫ። ቤቱ ቁጭ ብሎ መልሱን መጠበቅ ሲገባው፣ ቢኒ አላስችል ብሎት በደጃችን ያልፋል! አለፈ፤ ደግሞ ዞሮ መጣ።

«ኧረ ይሄ ባለጌ የማን ነው?» አለ አባቴ።

ሽማግሌዎቹ ተያዩ። መዋሸት ነውር ሆነባቸው መሰለኝ።

«እ... የኛው ነው። ማለቴ፣ ቸኩሎ ነው እንጂ...»

«እንግዲያው ኮሽታው የማይሰማውን ስታገኙ ተመለሱ።»

እፎይ! አፌን በሁለት እጄ አፍኜ ሳቅሁ።

አሁን ቢኒ ማርሚታውን አስደፍኗል አሉ። ሰፈሩ በሙሉ ተመስገን እያለ ይተኛል። እባካችሁ የምታውቁት ካላችሁ፣ መልሶ ያስበሳው በሉልኝ። ሲመጣ በምን አውቄ ልሽሽ?