የኒሙ ጥላ ያስመረጠኝ ኮሚቴ

እዚህ ገንዳ ውሃ ከተማ ለቀበሌ ስብሰባ የሚመጣ ሰው ሁለት ዓይነት ነው፦ ለመናገር የመጣና ላለመመረጥ የመጣ። እኔን ከየትኛው እንደምትመድቡኝ ታውቁታላችሁ... ቤቴ ቁጭ ብዬ ስለ ውሃ ኮሚቴው የማልለው የለም። ስብሰባ ላይ ግን «ዝም አይነቅዝም» ብዬ ጭጭ ነው!

ያለፈው እሑድ ግን ነገሩ ከበድ ይል ነበር። አዲሱ የውሃ ቦኖ በእኛ ሰፈር ይተከል ወይስ በወፍጮ ቤቱ በኩል የሚለው የሚወሰነው በዚያ ቀን ነው። የሰፈራችን ሰው በሙሉ ሰሊጥ አጨዳ ወርዷል። የቀረነው እኔና ባለቤቴ ብቻ ነን፤ እኔም «ወገቤን» ብዬ ነው። ባለቤቴ ጀሪካኗን አንጠልጥላ ወደ ሩቁ ቦኖ ልትሄድ ስትል፣

«ዛሬ እጅህን አውጥተህ ተናገር። ቦኖው ካመለጠን ጀሪካኑን የምትሸከመው አንተ ነህ!» አለችኝ።

«ወገቤስ?»

«እሱንም እዚያው ተናገር!»

ስብሰባው ኒም ዛፍ ሥር ነው። የሰብሳቢው ጠረጴዛ ጥላው ጫፍ ላይ ተቀመጠ፤ እኔ ከሁሉ ኋላ ግንዱን ተደግፌ ቁጭ አልሁ። የውሃ ኮሚቴው ሰብሳቢ አያ ተገኘ ጠዋቱን ሙሉ፣ «ኧረ ሐሳብ ያለው እጁን ያውጣ! ነዋሪ ካልተናገረ ኮሚቴ ምን ያውቃል?» እያሉ ለመኑ። እኔ «ትንሽ ልቆይ... የኮሚቴው ምርጫ ይለፍና» እያልሁ አንገቴን ደፋሁ። እጁን ያወጣ ሰው ወዲያው ይመረጣላ!

የረሳሁት የቆላን ፀሐይ ነው። ቀትር ሲቃረብ ጥላው ወደ ግንዱ ይሸሽ ጀመር። ሰዉም ወንበሩን እያነሣ ተከተለው። በመጨረሻ ጠረጴዛውም ተነሣና... መጥቶ ጉልበቴ ሥር አረፈ! የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል ማለት ይኸ ነው።

«አንድ የኮሚቴ አባል ጎድሎናል። ማንን እንምረጥ?» አሉ አያ ተገኘ።

«ይኸው አጠገብዎ አለ አይደል!» አለ አንዱ።

«ኧረ አያ ተገኘ፣ እኔ ወገቤን ያመኛል!»

«የኮሚቴው ወንበር መደገፊያ አለው። ኸላስ፣ አለቀ! የምትደግፉ እጅ አውጡ!»

ላለመመረጥ የመጣው ሁሉ እጁን አወጣ። እንዲህ ያለ አንድነት አይቼ አላውቅም።

የቦኖው ነገር ሲነሣ ብድግ ብዬ «የእኛ ሰፈር...» ከማለቴ አያ ተገኘ አቋረጡኝ።

«ልጄ፣ የኮሚቴ አባል ለገዛ ሰፈሩ አይከራከርም፤ ደንባችን ነው። ጠዋት ነዋሪ ሳለህ ስንለምን አፍህን ምን ዘጋው? ከሰፈራችሁ ሌላ ሰው ካለ ይናገር።»

ዞር ዞር ብዬ አየሁ። ባለቤቴ ውሃ ወርዳለች፤ ሌላው ሰው ሰሊጥ ላይ ነው። ቦኖው ወደ ወፍጮ ቤቱ ሄደ። በእኔ ተማምነው አጨዳ የወረዱትን ጎረቤቶቼን ሳስብ እፍረት ገደለኝ። ካለመናገር ደጃዝማችነት ይቀራል ይላሉ፤ እኔ ግን ሹመቱ ደርሶኝ ውሃው ቀረብኝ።

ትናንት ከሩቁ ቦኖ ስመለስ ባለቤቴ እጇን እያወዛወዘች ከፊት ከፊቴ ትሄዳለች።

«ኧረ ወገቤን!» አልሁ።

«ሐሳብ ካለህ እጅህን አውጣ!» አለችኝ ዞር ሳትል።

እንዴት አድርጌ ላውጣ? ሁለቱም እጆቼ ጀሪካን ይዘዋል!