ጥርስ ልነቀል ሄጄ ጓንት ሊገድለኝ

ሰው በስንት ነገር ይሞታል? በመኪና፣ በወባ፣ በሚስት ቁጣ። በጓንትስ? አትሳቅ ወዳጄ። እኔም ቀድሞ ቢነግሩኝ እስቅ ነበር።

ነገሩ የጀመረው በገብስ ቆሎ ነው። የሳጉሬ አስተማሪ ነኝ። ሳጉሬ ተቀምጦ ቆሎ ሳይቆረጥሙ መኖር እንዴት ይቻላል? አንዲት ክፉ ጥሬ መንጋጋ ጥርሴን ሰነጠቀችው። ጉንጬን በፎጣ ጠቅልዬ ሳስተምር ሰነበትኩ። በመጨረሻ ባለቤቴ ወርቅነሽ "ወይ ተነቀል፣ ወይ ማቃሰትህን ተው" አለችኝና በሚኒባስ አሳፍራ አሰላ ወሰደችኝ።

የጥርስ ሐኪሟ ወጣት ናት። እጇን ታጥባ ነጭ ጓንቷን አጠለቀችና የማይስማማኝ መድኃኒት እንዳለ ጠየቀችኝ። እኔ አፌን ከፍቼ ስለነበር ወርቅነሽ መለሰችልኝ። አሞክሳሲሊን ሆዱን ያውከዋል፣ አለርጂ አለበት አለች። ሐኪሟ ፈገግ ብላ፣ ሆድ ማወክ ብቻውን አለርጂ እንዳልሆነ አስረዳቻት። አለርጂ ማለት ሰውነት አንዱን ነገር እንደ ጠላት ቆጥሮ ሲነሣበት ነው፤ ቆዳ ያሳክካል፣ ፊት ያሳብጣል፣ ሲብስ ትንፋሽ ይዘጋል።

"እሱስ የለበትም" አለች ወርቅነሽ፣ ኮራ ብላ።

ያልጠረጠረ ተመነጠረ!

ማደንዘዣውን ወጋችኝ። ከዚያ በጣቷ ድዴን ነካ ነካ እያደረገች "ደነዘዘ?" ትለኛለች። ደንዝዟል። ግን ባልተወጋው በኩል ያለው ከንፈሬ ይበላኛል። ይሄ ደግሞ ምን ጉድ ነው? ቀጥሎ ምላሴ ወፈረ። ልናገር ብል የወጣው "እም" ብቻ ነው። ወርቅነሽ ማደንዘዣው መስሏት ሳቀች። ጠጋ ብላ ስታየኝ ሳቋ ቀጥ አለ።

"ዶክተር! ዓይኑ! ዓይኑ ተደፈነ!"

ጉሮሮዬ እንደ ስልቻ አፍ ሲታሰር ይሰማኛል። አየሩ ክፍሉን ሞልቶታል፣ እኔ ጋ ግን አይደርስም። ያን ሰዓት ስለ ነፍሴ ያሰብኩ ይመስልሃል? ያላረምኩት የስምንተኛ ክፍል ፈተና ነው የታየኝ። ማን ያርመው ይሆን?

ሐኪሟ ጊዜ አላጠፋችም። አድሬናሊን የሚሉትን መርፌ በሱሪዬ ላይ ጭኔን ወጋችኝ። ቀስ በቀስ ደረቴ ተከፈተ። ወዲያው ሆስፒታል አደረሱኝ። ሐኪሟም አብራን መጥታ፣ ማደንዘዣው ሳይሆን እንደማይቀር ለሆስፒታሉ ሐኪም ነገረችው።

ተረፍኩ አልኩ። ወርቅነሽ አጠገቤ ቆማ ስለት ትደረድራለች። ነርሷ ጓንቷን አጥልቃ፣ ክንዴን በላስቲክ ጠፍራ ደም ሥር ስትፈልግ፣ ያው ማሳከክ! ያው የጉሮሮ መታፈን!

ሐኪሙ እየሮጠ ገባ። "ምን ሰጠሽው?"

"ኧረ ገና ነኝ! መርፌው እንኳን አልገባም!"

እንደገና አድሬናሊን። ወርቅነሽ አማርኛው አልበቃ ብሏት "ያ ዋቅ! ያ ዋቅ!" እያለች በእናቷ ቋንቋ ፈጣሪን ትማጸናለች። እኔ ጣሪያውን እያየሁ ትንፋሼን ከሩቅ እንደሚመጣ እንግዳ እጠብቃለሁ። መጣ። ቀጭን ሆኖ፣ ግን መጣ።

ስረጋጋ ሐኪሙ ክንዴን አንሥቶ እያገላበጠ ያየው ጀመር። ላስቲኩ የታሰረበት ዙሪያውን ቀልቶ አብጧል። ቀይ አምባር ያጠለቅሁ ነው የምመስለው። የነርሷ ጣቶች ያረፉበትም እንደዚያው።

"ፊኛ ነፍተው ያውቃሉ?" አለኝ።

ከሞት የተመለሰ ሰው የሚጠየቀው ይሄ ነው? ወርቅነሽ ግን ቀድማኝ መለሰች። "ለልጃችን ልደት ሲነፋ ከንፈሩ አብጦ ነበር። ምች ነው ብለን ዳማከሴ አሸነው።"

"ሙዝስ?"

"አፌን ይበላኛል" አልኩ እኔ።

የማያውቁት አገር አይናፍቅም፤ የማያውቁት በሽታም አይጠረጠርም። ለካ ጓንቱም፣ ማሰሪያውም፣ ፊኛውም ላቴክስ ከሚባል የዛፍ ፈሳሽ የሚሠሩ ናቸው። ሙዝም የሥጋ ዘመዳቸው ነው፤ ላቴክስ የማይስማማውን ሰው ብዙ ጊዜ እሱም ያሳክከዋል። ሐኪሙ በምርመራ መረጋገጥ እንዳለበት ነገረን። እስከዚያ ድረስ ግን ላቴክስ እንዳይነካኝ፣ ማንም ሐኪም እጁን ሳይዘረጋብኝ በፊት ደግሞ ቀድሜ እንድናገር አስጠነቀቀኝ። አዲስ አበባ ሄጄ ተመረመርኩ። እውነትም ላቴክስ። ምስኪን ማደንዘዣ! በሐሰት ተከሶ በነፃ ተሰናበተ።

ጥርሱስ? እሱማ ይኸው ቦታው ላይ ተቀምጦ ሌሊቱን ሙሉ ያስጮኸኛል። ወርቅነሽ ሌላ ሐኪም እንፈልግ አለች። እኔ ግን፣ ነፍሴን በእጇ ይዛ የመለሰችልኝን ትቼ የት እሄዳለሁ? ቀድመን ደወልንላት። ላቴክስ የሌለበት ሰማያዊ ጓንት አስመጣች፤ ክፍሉን አስወለወለች። ከላቴክስ ጓንት የሚረግፍ የዱቄት ብናኝ አየሩ ላይ እንዳይኖር ብላም ማለዳ፣ ማንም ሳይገባ ቀጠረችኝ።

ወንበሩ ላይ ጋደም አልኩ። አድሬናሊኑ ጠረጴዛው ላይ ተዘጋጅቷል። ወርቅነሽ እግሬን ጨብጣ ይዛለች። ሐኪሟ ጉጠቷን አንሥታ ወደ እኔ ጎንበስ አለች። ቀና ብዬ አየኋት። ግንባሯ ላይ ላብ ችፍ ብሏል። ጉጠቱን ወደ አፌ አስጠግታ መልሳ ታርቀዋለች።

አሳዘነችኝ። ክንዷን ያዝ አደረግሁና፣

"አይዞሽ ልጄ፣ አያምም" አልኳት።