ሦስት ጊዜ የተጠየቀ ጉልበት

የእኛን ሰው ስለ ጤናው ጠይቆ በመጀመሪያው ጥያቄ እውነተኛ መልስ ያገኘ ካለ እባካችሁ ወደ ሱቄ ላኩልኝ፤ ቀዝቃዛ ለስላሳ እጋብዘዋለሁ። እኔ እስከ ዛሬ አላጋጠመኝም። እግሩ በጀሶ ታሽጎ አልጋ ላይ የተጋደመ ሰው ልትጠይቁ ትሄዳላችሁ። «እንዴት ነህ?» ስትሉት «ደህና ነኝ፣ አልሐምዱሊላህ። እናንተ እንዴት ናችሁ? ልጆች ደህና ናቸው?» ይላችኋል። ልትጠይቁት ሄዳችሁ ተጠይቃችሁ ትመለሳላችሁ። በኮሮናው ጊዜማ ጭራሽ ባሰብን። እዚህ ጆሃንስበርግ አጠገብ፣ ቮስሎሩስ በሚባል ሰፈር ያለ አንድ ወዳጄ ጋ ደውዬ «ደህና ነኝ» እያለኝ ከበስተጀርባው የሚንሿሿ ነገር ሰማሁ። ምንድነው ብለው «ኦክስጅን ነው፣ ተወው። አንተ ግን ድምፅህ ደከም ብሏል፣ አሞሃል እንዴ?» አለኝ። ወዳጄ ስለዳነ ልትስቁ ትችላላችሁ።

ይህን ውሸት ነው ብሎ የሚፈርድብን ካለ አላወቀንም። ሰው እንዴት ነህ ስላለህ ብቻ ሕመምህን ዘርግፈህ አታሸክመውም። በዚያ ላይ ፈጣሪን ማማረር ይሆናል። በዚያ ላይ ደግሞ ጠያቂው ከልቡ ይሁን ለወጉ ያህል ገና አልታወቀም። ስለዚህ ደህና ነን። ችግሩ የሚመጣው ይህን ጠባያችንን የማያውቅ፣ ሳይንስ የሚባል እንግዳ ደጃችን ላይ ሲቆም ነው። እኛም ደጅ አንድ ቀን መጥቶ ቆመ።

እኔ ረሺድ እባላለሁ። ደቡብ አፍሪካ፣ ጆሃንስበርግ ባለው ኮዝሞ ሲቲ ውስጥ፣ እዚህ ስፓዛ የሚሏት ዓይነት ትንሽ ሱቅ አለችኝ፤ ከዳቦና ከወተት እስከ ሻማ የማይሸጥባት የለም። እሑድ እሑድ ጠዋት ደግሞ እግር ኳስ ተጫዋች ነኝ። ቡድናችን ከስልጤ፣ ከሃላባና ከጉራጌ መጥተን ኮዝሞ ሲቲ፣ ጻካኔና ቮስሎሩስ የተበተንን ባለሱቆች የምንገናኝበት ነው። ዕድሜያችንን አትጠይቁ፤ ሆዳችንን አይታችሁ ገምቱ። ለኮሮናው ሎክዳውን ሲታወጅ ኳሱ ታገደ፤ እኛም ወራት ሙሉ ከባንኮኒ ጀርባ፣ ከብረት ፍርግርጉ ውስጥ ተቀምጠን ብስኩት ስንቆረጥም ከረምን። ኳስ በተፈቀደ በመጀመሪያው እሑድ ግን ሁላችንም የሃያ ዓመት ጎረምሳ ነን ብለን ሮጥን። በአሥረኛው ደቂቃ ጓደኛችን ነስሩ ባቱን ይዞ ተቀመጠ። በአሥራ አምስተኛው ደቂቃ በረኛችን ከድር፣ ኳሱ በወዲያኛው ጎል በኩል እያለ፣ ብቻውን ወደቀ።

ሐጂ ሙዘይንን ላስተዋውቃችሁ። የሁላችንም የጅምላ ዕቃ አቅራቢ፣ የሁላችንም አስታራቂ ናቸው። ልጃቸው ሰሚራ እዚሁ ጆሃንስበርግ ተወልዳ ያደገች ፊዚዮቴራፒስት ናት፤ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ለሁለተኛ ዲግሪዋ ጥናት ትሠራለች። ጥናቷ እንደ እኛ ያለ ተራ ተጫዋች ከረጅም ጊዜ መቀመጥ በኋላ ሜዳ ሲገባ ምን ጉዳት እንደሚደርስበት፣ ጉዳቱ እንዴት ቶሎ እንደሚታወቅ፣ እንዴት እንደሚታከም፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ እንዴት አስቀድሞ መከላከል እንደሚቻል ነው። ሁለት ቡድን መረጠች። አንደኛው የቮስሎሩስ ልጆች፣ የአገሬው ተወላጆች ቡድን ነው፤ እነሱ ከጨዋታ በፊት እሷ ያዘጋጀችውን ማሟሟቂያ በሥርዓት ይሠራሉ። ሁለተኛው እኛ ነን፤ እኛ እንደ ልማዳችን፣ ማለትም ከመኪና ወርደን በቀጥታ ወደ ኳሱ። ከዚያ ለአሥራ ሁለት ሳምንት ሰኞ ሰኞ ጠዋት ለእያንዳንዳችን ትደውልና ሕመም እንደነበረን ትጠይቃለች። ነበረኝ ያለ ይመረመራል፣ ኤምአርአይ ይነሣል፣ ካስፈለገም በነፃ ይታከማል። አሥራ ሁለቱ ሳምንት ካለፈ ግን መዝገቡ ይዘጋል። ይህን ሁሉ ነግራናለች፣ ሰምተናል፣ ፈርመናል። ይህን ልብ በሉልኝ።

በሦስተኛው ሳምንት ኳስ ለመቀማት ዞር ስል እግሬ ሳይዞር እኔ ብቻ ዞርኩ። ቀኝ ጉልበቴ ውስጥ ቋ አለ። ከጎኔ የነበረው ነስሩ ሰምቶ «ምንድነው የተሰበረው?» ብሎ መሬቱን ሁሉ ፈለገ። «ምንም አይደል» አልኩት። በማግስቱ ጠዋት ጉልበቴ ዳቦ አክሎ ነበር። በረዶ በፌስታል አድርጌ ጉልበቴ ላይ እንደያዝኩ ስልኬ ጠራ።

«ሃሎ ጋሼ ረሺድ፣ ሰሚራ ነኝ። ሃው አር ዩ?»

«ደህና ነኝ፣ አልሐምዱሊላህ። አባትሽ ደህና ናቸው?»

«ደህና ናቸው። ዚስ ዊክ ሕመም ነበረዎት? ጉዳት? ኤኒቲንግ?»

«ኧረ ምንም የለም፣ አልሐምዱሊላህ።»

«ኦኬ፣ ሻፕ! ባይ ጋሼ!»

ስልኩ ተዘጋ። እኔ ጆሮዬ ላይ እንደያዝኩት ቀረሁ። ሻፕ እዚህ አገር «ጥሩ፣ ይሁን» ማለት ነው፤ ግን ሻፕ ብሎ ነገር ምንድነው? «እውነትዎን ነው?» የሚለው የት ሄደ? «ድምፅዎ ግን ደህና አይመስልም» የሚለውስ? እኔ እኮ «ምንም የለም» ስል ወሬውን መጀመሬ ነበር። በማግስቱ ደውዬ ልንገራት አልኩና ተውኩት፤ ሰው ሳይለምነው ሕመሙን ተሸክሞ ይዞራል? ለነገሩ የነስሩ ከእኔም ይብስ ነበር። እሱ ከባቱ ሌላ ብሽሽቱን ተጎድቷል። እስቲ ለሐጂ ሙዘይን ልጅ ስለ ብሽሽቱ የሚያወራው በየትኛው አፉ ነው? ሳምንቱን ሙሉ እንደ ዳክዬ እየሄደ፣ ሰኞ ሲደርስ ደህና ነበር።

እኔ ግን እየዋለ ሲያድር ፈራሁ። እንጀራዬ በእግሬ ነው፤ ቀኑን ሙሉ ቆሜ ነው የምውለው። የላይኛው መደርደሪያ ላይ ያለውን ዕቃ በመሰላል ማውረድ አቃተኝና ወደ ታች አወረድኩት፤ ታች የነበረውን ደግሞ ማጎንበስ አቅቶኝ መሐል ላይ ቆለልኩት። አንዲት ደንበኛዬ፣ እዚህ ጎጎ የሚሏቸው ዓይነት አሮጊት፣ በፍርግርጉ አሾልከው አይተው እየተገረሙ «ሃይቦ፣ ማይ ፍሬንድ! ዩ ዎክ ላይክ ሚ!» አሉኝ። ሴትዮዋ ሰማንያን አልፈዋል። ከሁሉ የከፋኝ ግን ሰላቱ ነው። መስጊድ ሲከፈት ለኮሮናው ተብሎ ሰጋጁ ተራርቆ ይቆም ስለነበር፣ እኔ ከኋላ ጥግ ወንበር ወስጄ ተቀመጥኩ። ለምን ያለኝን «ለርቀቱ ብዬ ነው» አልኩት። ግንባሬን መሬት ካላስነካሁ የሰገድኩ አይመስለኝም። ሌላው ሱጁድ ሲወርድ እኔ ወንበር ላይ ሆኜ ጀርባቸውን ሳይ፣ ሳልሞት የተቀበርኩ መስሎኝ ማስኬ ውስጥ አለቀስኩ። ማስክ ለዚህ ለዚህ ጥሩ ነው።

በዚህ መሐል ጥናቱ ታሪክ ሠርቷል። የቮስሎሩስ ልጆች ሰኞ ሰኞ ሁሉንም ይናገራሉ፤ ጣቴ፣ ወገቤ፣ ጥፍሬ፣ ትናንት ደግሞ አንገቴ። የእኛ ገጽ ግን ከሳምንት ሳምንት ነጭ ነው። በወረቀቱ መሠረት ማሟሟቂያ የሚሠራ ይጎዳል፤ ሳያሟሙቅ የሚገባ፣ ብስኩት የሚበላ፣ ባንኮኒ ተደግፎ የሚውል ባለሱቅ ግን አይነኬ ነው። የሰሚራ ፕሮፌሰር፣ ማስካቸው እስከ መነጽራቸው የሚደርስ ሽማግሌ፣ እንቅልፍ አጡ አሉ። ምናልባት ባንኮኒ ላይ መደገፍ ጅማት ያጠነክር ይሆን? ምናልባት ጾሙ ይሆን? ምስጢሩን በዓይናቸው ሊያዩ፣ በካሜራም ሊቀርጹ፣ በአሥራ ሁለተኛው ሳምንት እሑድ ከሰሚራ ጋር ሜዳው ድረስ መጡ። መዝገቡ በማግስቱ ሰኞ ይዘጋል።

እኛ የመጣነው በሐጂ ባኪ ነው፤ ከኋላ ክፍት የሆነችውን መኪና እዚህ እንደዚያ ነው የምንላት። ፕሮፌሰሩ ካሜራቸውን ደግነው ተአምረኞቹ ሲወርዱ ይጠብቃሉ። መጀመሪያ ከድር ሊወርድ ሞከረና ሐሳቡን ቀየረ። ነስሩ በቂጡ እየተንሸራተተ ወረደ። እኔ የመኪናውን ጠርዝ በሁለት እጄ ይዤ፣ ግራ እግሬን መሬት አስነክቼ፣ ቀኙን እንደ ዕቃ በእጄ አነሣሁና አወረድኩት። አሥራ አንድ ሰው ለመውረድ የአንድ ጨዋታ አጋማሽ ያህል ፈጀብን። ፕሮፌሰሩ ቀስ ብለው ካሜራቸውን ዝቅ አደረጉ።

ሰሚራ አጠገቤ መጥታ «ጋሼ ረሺድ፣ ያነክሳሉ» አለችኝ።

«እኔ? ኧረ ጫማዬ ነው።»

«ጋሼ ከድርስ?»

«የእሱም ጫማው ነው።»

ዓይኗ እንባ አቀረረ። «ኤቭሪ ማንዴይ እኮ ጠይቄያችኋለሁ! ለምን ዋሻችሁኝ? ጉልበትዎ እኮ ዳሜጅ ሊሆን ይችላል!» አለች። የውሃ ካርቶን ሲያወርዱ የነበሩት ሐጂ ሙዘይን ይህን ሰምተው ቀና አሉ።

«አንቺ ልጅ፣ ስንት ጊዜ ነው የጠየቅሻቸው?»

«አሥራ አንድ ሳምንት ሙሉ፣ ባባ።»

«በአንዱ ሰኞ ስንት ጊዜ?»

«አንዴ። ፎርሙ ላይ አንዴ ነው ያለው።»

«ቤትሽ እንግዳ መጥቶ አንዴ ብላ ስትዪው በቃኝ ቢልሽ፣ ሳህኑን ታነሺበታለሽ?»

«ኖ።»

«ታዲያ የሰው ሕመም ከአንድ ሳህን ሩዝ አነሰ?» አሉና ወደ እኔ ዞሩ። «ረሺድ፣ ጉልበትህ እንዴት ነው?»

«ደህና ነው ሐጂ፣ አልሐምዱሊላህ።»

«እውነትህን ነው?»

«ትንሽ ድካም ቢጤ ነው እንጂ...»

«በሞቴ!»

በቃ፣ አለቀልኝ። «ሐጂ፣ ጉልበቴ ካለቀ ሁለት ወር አልፎታል» አልኩ። «መሰላል አልወጣም፣ ሱጁድ አልወርድም፣ ዕድሜ ልኬን እንዲህ እንዳልቀር ፈርቻለሁ።» ሰው ፊት እንዲህ ስናገር የመጀመሪያዬ ነው። ሐጂ ትከሻዬን ያዙኝና ወደ ቀጣዩ አለፉ። ከድር ላይ ሲደርሱ ገና ሁለተኛው ጥያቄ ላይ ነበር የተናዘዘው። ከዚያ ማን ያቁመን? ቁርጭምጭሚት፣ ወገብ፣ የጭን ጅማት፣ ካምናም ከዘንድሮም ተዘረገፈ። ነስሩ ፕሮፌሰሩን በክንዳቸው ይዞ ከባኪዋ ጀርባ ወሰዳቸውና ያመመውን ቦታ በምልክት አስረዳቸው። ሰሚራ ወረቀት አልቆባት የውሃ ካርቶን ላይ ጻፈች።

መዝገቡ ሳይዘጋ ሁሉም ነገር ተመዘገበ። መጠይቁም ተሻሻለ፤ አንደኛ፣ ሕመም አለ? ሁለተኛ፣ እውነትዎን ነው? ሦስተኛ፣ በሞቴ! ሐጂ ከአላህ በቀር በሌላ ነገር መማል እንደማይፈቀድ ያውቃሉ፤ ይህ ግን ልመና እንጂ መሐላ አይደለም ብለው አጸደቁት። ያስቸገረው የዩኒቨርሲቲው የሥነ ምግባር ኮሚቴ ነው። ትርጉሙን አይቶ በጥናቱ ላይ የሚሞተው ማን እንደሆነና ቤተሰቡ ያውቅ እንደሆነ በደብዳቤ ጠየቀ። ሰሚራ ማንም እንደማይሞት የሚያስረዳ ሁለት ገጽ ጻፈች።

እኔ ኤምአርአይ ተነሣሁ። ጉልበቴ ውስጥ ያለው ልም አጥንት ተቀዷል። በሦስተኛው ሳምንት ብናገር ኖሮ በስፖርት ብቻ ሊድን ይችል እንደነበር ሐኪሙ ነገረኝ፤ አሁን ግን ቀዶ ጥገና ያስፈልጋል አለ። ቀጠሮዬ በኮሮናው ምክንያት ሁለቴ ተራዝሞ በሦስተኛው ተሠራልኝ። ከዚያ ሰሚራ ራሷ ወራት ሙሉ «ይጠፉት፣ ይዘርጉት» እያለች አሠቃየችኝ። አንድ ጁምዓ ወንበሩን ጥግ ላይ ትቼ ከሰው ጋር ቆምኩ። ቀስ ብዬ ወረድኩ፤ ጉልበቴ ዝም አለ። ግንባሬ ምንጣፉን ነካ። ሰው ሁሉ ሲነሣ እኔ ትንሽ ዘገየሁ፤ ኢማሙም ሳይታዘቡኝ አልቀሩም።

በተከታዩ ሰኞ ስልኬ ጠራ። ክትትሉ ገና አላለቀም።

«ጋሼ ረሺድ፣ ጉልበትዎ እንዴት ነው?»

«ደህና ነው፣ አልሐምዱሊላህ» አልኳት። እንደዚያ ቀን እውነት የተናገርኩበት ጊዜ ትዝ አይለኝም።

«እውነትዎን ነው?»

«ወላሂ ደህና ነው። ሱጁድ ወረድኩ እኮ!»

«ጋሼ... በሞቴ!»

አሁን እናንተ ብትሆኑ ምን ታደርጋላችሁ? የሐጂ ሙዘይን ልጅ፣ ጉልበቴን የመለሰችልኝ ልጅ፣ ሞቷን አስይዛ እየለመነችኝ ባዶ እጇን ልሸኛት? ጉልበቴን አጠፍ ዘርጋ አደረግኩት፤ አንዳች የለው። ወገቤን ነካካሁት፤ ጨዋ ነው። አንገቴም ደህና ነው። ስልኩን የያዘው እጄ ብቻ ትንሽ ከበድ አለኝ።

«ቀኝ ትከሻዬን ቆንጠጥ ያደርገኛል» አልኳት።

«አይ ኒው ኢት! አውቄው ነበር!» ብላ ስትጽፍ ሰማኋት። «ከመቼ ጀምሮ ነው?»

«አሁን ነው የጀመረኝ» አልኳት። ይሄ ደግሞ ውሸት አልነበረም።

ሐሙስ ለትከሻዬ ኤምአርአይ ቀጠሮ አለኝ።