ግልባጭ ለንጉሡ

እኛ የአዲስ አበባ ሰዎች መስኮት ላይ የተቀመጠ ሠራተኛ ጉዳያችንን ይጨርሳል ብለን አናምንም። ቢጨርስልን እንኳ አንድ ነገር የጎደለ ይመስለናል። ጉዳይ ማለት ዋናው ሰውዬ ዘንድ የደረሰ ጉዳይ ነው። ዋናው ሰውዬ ደግሞ፣ እናንተም ታውቁታላችሁ፣ ሁልጊዜ ስብሰባ ላይ ነው።

ይህን እምነት እንደ እትዬ አስካለ አጥብቆ የያዘ ሰው ሰሚት ኮንዶሚኒየም ውስጥ አላየሁም። ከእኔ በላይ ባለው ፎቅ ይኖራሉ። ልጃቸው ሜሮን ነርስ ናት፤ ባለፈው ዓመት ካርታ ላይ በመከራ የምትገኝ አንዲት ደሴት ክሊኒክ ውስጥ ሥራ አገኘችና ብሎኩ በሙሉ አብሯት ፈነጠዘ። ከዚያ የቪዛ ነገር መጣ። ደሴቲቱ የባሕር ማዶ ግዛት ስለሆነች የራሷ ኤምባሲ የላትም፤ ቪዛውን የምትሰጠው የምትገዛት ትልቋ አገር ናት። ኤምባሲው «መጀመሪያ ከደሴቲቱ የሥራ ፈቃድ አምጪ» አላት። የደሴቲቱ ቢሮ ደግሞ «መጀመሪያ ቪዛሽን አሳዪን» አላት። ክሊኒኩ በሦስት ሳምንት ውስጥ ካልደረሰች ሌላ ሰው እንደሚቀጥር ጻፈላት። ሜሮን እህል አልወርድ አላት።

አንድ ቅዳሜ እትዬ አስካለ በሬን አንኳኩ። የእንግሊዝኛ አስተማሪ በመሆኔ የብሎኩ ማመልከቻ ጸሐፊ እኔ ነኝ።

«ስማ ልጄ፣ ያቺን ደሴት የሚገዛት ማነው?»

ኢንተርኔት ላይ ያነበብኩትን ዘረዘርኩላቸው። የትልቋ አገር ንጉሥ እዚያው ሩቅ አገሩ አለ። እሱ የሾመው አገረ ገዢ ደሴቲቱ ላይ ይቀመጣል። ትምህርት ቤቱንና መንገዱን ሕዝቡ የመረጠው ምክር ቤት ያስተዳድራል፤ ጦሩና የውጭ ጉዳዩ ግን የትልቋ አገር ነው።

«ሕዝቧስ ስንት ይሆናል?»

«የእኛን ኮንዶሚኒየም ሰው ቢያክል ነው።»

«እንግዲያው አገረ ገዢው ሥራ አይበዛበትም። ጻፍለት።»

ሳቅኩ። እሳቸው አልሳቁም። ስለዚህ እሳቸው እየተናገሩ፣ እኔ እያለዘብኩ ጻፍን። «እርስዎም እናት አለዎት» የሚለውን ልዘለው ስል ጣታቸውን ወረቀቱ ላይ ተከሉ፤ እሱም ገባ። ጨረስን ብዬ ብዕሬን ሳስቀምጥ ደግሞ ከታች «ግልባጭ፦ ለንጉሡ» ካልተባለ ማመልከቻውን የሚፈራው እንደሌለ አስረዱኝ። እያፈርኩ ጨመርኩና በኢሜይል ላክሁት።

በአራተኛው ቀን መልስ መጣ። ከጸሐፊው አይደለም፣ ከራሱ ከአገረ ገዢው!

ቪዛ መስጠት በእሱ ሥልጣን ሥር እንዳልሆነ፣ ሆኖም ኤምባሲውና የደሴቲቱ ቢሮ እርስ በርስ እንዲነጋገሩ ለሁለቱም እንደጻፈላቸው ገልጿል። ንጉሡን ማስቸገር አያስፈልግም ነበር ሲልም በትሕትና ጠቅሷል። መጨረሻ ላይ «እናቴ ደህና ናቸው፤ ስላሰቧቸው አመሰግናለሁ» ይላል።

ተርጉሜ ሳነብላቸው እትዬ አስካለ ከንፈራቸውን መጠጡ።

«ምስኪን! ይህን ያህል ተሹሞ ቪዛ እንኳ አያሰጥም?»

ለማንኛውም ሁለቱ ቢሮዎች ተነጋገሩ፤ ቪዛው ወጣ፤ ሜሮን ቀነ ገደቡ ሁለት ቀን ሲቀረው በረረች። በጣም ደስ አለኝ። እውነቱን ለመናገር ግን ቀናሁም። በዚህ ዕድሜዬ ለስንት ኃላፊ ስንት ማመልከቻ ጽፌ፣ እናቱ እንዴት እንዳሉ የነገረኝ አንድም የለም።

በሳምንቱ የነዋሪዎች ኮሚቴ ሰብሳቢ አቶ ግርማ ሦስት ጎረቤቶች አስከትለው መጡ። ብሎካችን ፊት ለፊት ማን እንደቆፈረው ያልታወቀ ትልቅ ጉድጓድ አለ፤ የጠየቅነው ሁሉ «የእኛ አይደለም» ይላል። ሃያ ሰባት ሰው የፈረመበት ወረቀት ጠረጴዛዬ ላይ አኖሩ።

«ለማን ብዬ ልጻፈው?» አልኳቸው።

«ለዚያ ለደሴቱ አገረ ገዢ።»

«ኧረ አቶ ግርማ! ሰውዬው እኮ ሰሚት ላይ ምንም ሥልጣን የለውም።»

«እሱንማ እናውቃለን» አሉ፣ ወንበር ስበው እየተቀመጡ። «ግን መልስ ይጽፋል።»