ጋሽ ማርቆስን እንዳትቀሰቅሷቸው!

ወገን፣ ዛሬ በገዛ ማስተርሴ ተዋረድኩላችሁ! በእህቴ ሰርግ ላይ፣ ከነሜካፔ!

ለማታውቁኝ፦ አርባ ምንጭ ነው ያለሁት፤ የማስተርስ ጽሑፌ ስለ ተጠባባቂ ማሽኖች ነው። አንዱ ሲበላሽ ሌላው ይነሳል፣ የተበላሸውን ደግሞ ሰው ይጠግነዋል። እኔ የጨመርኩት ምንድነው? ጠጋኙም ይደክመዋል! የደከመ ጠጋኝ አንዱን ሲያስተካክል ሌላውን ያበላሻል። ስለዚህ ይተኛ። በቃ፣ ለዚህች ነው ዕድሜዬን የፈጀሁት።

እህቴ ሰላም ድምጿ ትንሽ ነው። አጠገቧ ቁጭ ብላችሁ እንኳ «ምን አልሽ?» ነው የምትሏት። የሙሽራው ዘመዶች ደግሞ ከጨንቻ በአውቶብስ ተጭነው ነው የሚመጡት። የጠየቀችኝ አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ «ቃል ኪዳን ስገባ እስከ መጨረሻው ወንበር ይሰማልኝ።»

«አታስቢ! መብራት ቢጠፋ ጄኔሬተር አለ። እሱ ቢበላሽ ሌላ ጄኔሬተር አለ። ሙያዬ እኮ ነው!»

አፌን በቆረጠው!

ጠዋት ቸርች ስደርስ የጄኔሬተር ጠጋኙ ጋሽ ማርቆስ ዓይናቸው ደም መስሏል። ሰሞኑን መብራት እየጠፋ ከሆቴል ሆቴል ሲሯሯጡ እንቅልፍ የሚባል አላዩም። የመጀመሪያውን ጄኔሬተር ጠግነው ወደ ሁለተኛው ሲሄዱ በሩን ስተው ግድግዳውን ገጩት። ጽሑፌ በእግሩ ሲሄድ አየሁት እኮ!

«ጋሼ፣ ይበቃል፣ ቤት ሄደው ይተኙ!»

«የኔ ልጅ፣ ይቺኛዋን ሳልሞክራት?»

«እሷ ተጠባባቂ ናት። ይሂዱ! ስልክዎትንም ያጥፉት፣ ማንም እንዳይቀሰቅስዎት!»

አዎ። ስልክ ያጥፉ ያልኩት እኔ ነኝ።

ፓስተሩ ሙሽሮቹን ሲያስነሱ መብራት ድርግም! የመጀመሪያው ጄኔሬተር ተነሳ፣ እኔም ኮራ ብዬ ዙሪያዬን አየሁ። ወዲያው ሳል ሳል አደረገውና ጸጥ አለ። ጋሽ ማርቆስ የነዳጅ ጎማውን ሳያጠብቁት ቀርተው ናፍጣው መሬት ላይ ፈሷል። ሞዴሌ ልክ ነበር! ደስ ይበለኝ?

ወደ ሁለተኛው ሮጥኩ፣ በሂል ጫማ። የማስነሻው ቁልፍ የለም!

ለጋሽ ማርቆስ ብደውል ስልካቸው ዝግ ነው። የአጎቴን ልጅ በባጃጅ ላንቴ ቀበሌ ወዳለው ቤታቸው ላክሁት። ሚስታቸው በር ላይ ቆመው «እንዳይቀሰቀሱ ብላለች ያቺ የተማረችው ልጅ» አሉት። «እሷ ናት የላከችኝ» ቢላቸውስ?

«እሷማ እንዲህ አታደርግም!» ብለው በሩን ዘጉበት።

ሰላም ያለ ማይክ ቀረች። «አዎ» አለች። ከኋላ «አልተሰማም!» አሉ። ደገመች። «አልተሰማም!» በመጨረሻ ዓይኗን ጨፍና፣ እናታችን እንኳ ሰምታው የማታውቀውን ድምፅ አወጣች፦ አዎ!!! አዳራሹ በእልልታ ተናጋ። እሷ ግን የምታየው ሙሽራውን አይደለም፣ እኔን ነው።

ኬክ ሲቆረስ መብራቱ መጣ፤ ጋሽ ማርቆስም መጡ፣ ታጥበው፣ ፊታቸው ወዝቶ። «እንዲህ ተኝቼ አላውቅም፣ ጌታ ይባርክሽ!» ብለው ከኪሳቸው መሐረብ ሲያወጡ ቁልፉ ዱብ አለ። እግሬ ስር!

አሁን ይኸው ቴክስት ገባልኝ፣ ከሙሽሪት። «ድምፄ ስለጠፋ በጽሑፍ ነው የምሰድብሽ። ጀምሬያለሁ።»

ያለችኝ እህት ይቺው አንዷ ናት። እስቲ ተጠባባቂ እህት የምታበድሩኝ አላችሁ?